የጭማሪ መቶኛ ስሌት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኪራይ ሲጨመር፣ ደሞዝ ሲነካካ፣ ዶላር ሲንቀሳቀስ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝን ከቀላሉ ጀምሬ ደርድሬዋለሁ።

ከአንድ ቁጥር ወደ ሌላ ቁጥር ስንት በመቶ እንደጨመረ እንዴት ነው የማሰላው?

ከአዲሱ ቁጥር አሮጌውን ቀንሱ። የተረፈውን ለአሮጌው አካፍሉ። የመጣውን በ100 አባዙ። አለቀ።

የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ ከ20 ብር ወደ 25 ብር ወጣ እንበል። ልዩነቱ 5 ብር ነው። 5 ለ20 ሲካፈል 0.25 ነው። በ100 ሲባዛ 25። ስለዚህ ቡናው 25 በመቶ ጨምሯል። አዲሱ ዋጋም 25 ብር መሆኑ ግጥጥሞሽ ነው፤ አንዱ ብር ነው፣ ሌላው በመቶ።

የማካፍለው ለአሮጌው ነው ለአዲሱ? ሁልጊዜ ይምታታብኛል።

ለአሮጌው። ጥያቄው «ከነበረበት ምን ያህል ወጣ?» ስለሆነ፣ የሚለካውም በነበረበት ነው።

በ2017 ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሊትር ቤንዚን ከ91 ብር ከ14 ሳንቲም ወደ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። ልዩነቱ 10 ብር ከ33 ሳንቲም ነው። ለአሮጌው ስናካፍለው 11.3 በመቶ ይመጣል። ለአዲሱ ያካፈለ ሰው ግን 10.2 ያገኛል። እዚህ ላይ ስህተቱ ትንሽ ስለሆነ ማንም አይነቃበትም። ጉዱ የሚወጣው ጭማሪው ሲተልቅ ነው። 100 ብር የነበረ ዕቃ 200 ሲገባ፣ በአሮጌው የለካ 100 በመቶ ጨመረ ይላል። በአዲሱ የለካ ደግሞ 50 በመቶ። ሻጩ የትኛውን እንደሚመርጥ ለመገመት ሂሳብ አያስፈልግም።

ስልኬ ላይ ስመታው የማይመስል ቁጥር ያመጣል። ምንድነው ችግሩ?

ቅንፍ ነው። ኪራይ ከ8,000 ወደ 10,000 ብር ጨመረ እንበል። 10,000 − 8,000 ÷ 8,000 ብላችሁ በተርታ ከመታችሁ አብዛኛው የስልክ ካልኩሌተር 9,999 ይላችኋል። ምክንያቱም ማካፈልን ከመቀነስ ያስቀድማል። መጀመሪያ 8,000ን ለ8,000 አካፍሎ 1 ያገኛል፣ ከዚያ 1ዱን ከ10,000 ይቀንሳል። ሱቅ ባንኮኒ ላይ የምትቀመጠው ባለትልልቅ ቁልፍ ካልኩሌተር ግን እንደመታችሁት ተራ ስለምትሠራ 0.25 ትላለች። ሁለቱም አልተበላሹም። የየራሳቸው ጠባይ ነው።

እኔ የምጠቀመው አቋራጩን ነው። አዲሱን ለአሮጌው ብቻ አካፍሉ። 10,000 ÷ 8,000 = 1.25። ከፊት ያለችውን 1 ጣሏት፣ የቀረው 25 በመቶ ነው። 1.08 ከመጣ 8 በመቶ ነው፤ 80 የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ከ1 በታች ከመጣ፣ ለምሳሌ 0.9 ከሆነ፣ ዋጋው ቀንሷል ማለት ነው።

ኤክሴል ላይም ያው ነው። አዲሱ ያለበትን ሴል ለአሮጌው አካፍሉ፣ 1 ቀንሱ፣ ከዚያ ሴሉን ወደ ፐርሰንት ቀይሩት። በ100 አታባዙ። ኤክሴል ራሱ ያባዛዋል። እናንተም ደግማችሁ ካባዛችሁ 2,500 በመቶ ይጽፍና አለቃችሁን ያስደነግጣል።

ቁጥሩ ቢቀንስስ?

ስሌቱ አይቀየርም። ሽንኩርት በኪሎ ከ80 ወደ 60 ብር ከወረደ፣ 60 ሲቀነስ 80 ማለት 20 ከዜሮ በታች ነው። ለ80 ስታካፍሉት 25 በመቶ ቀነሰ ይሰጣችኋል። አሁንም የምታካፍሉት ለአሮጌው ነው። አሮጌው ትልቁ ቁጥር ስለሆነ ብቻ ልባችሁ ወደ ትንሹ አይሂድ።

20 በመቶ ጨምሮ 20 በመቶ ቢቀንስ፣ ወደነበረበት ይመለሳል?

አይመለስም። 1,000 ብር 20 በመቶ ሲጨመርበት 1,200 ይሆናል። ከ1,200 ላይ 20 በመቶ ሲነሳ 240 ይወጣና 960 ይቀራል። 40 ብሯ የት ገባች? ሲጨመር የተሰላው የ1,000 ሃያ በመቶ ነበር፣ ሲቀነስ ደግሞ የ1,200 ሃያ በመቶ ነው። ስማቸው አንድ ነው እንጂ መጠናቸው አንድ አይደለም። ከ1,200 ወደ 1,000 ለመመለስ 16.7 በመቶ መቀነስ ይበቃል።

በዓል ሲደርስ የሚወጡትን የቅናሽ ማስታወቂያዎች በዚህ ዓይን እዩዋቸው። 1,000 ብር የነበረውን ጫማ በዋዜማው 25 በመቶ ጨምሮ 1,250 የለጠፈ ነጋዴ፣ በበዓሉ «20 በመቶ ታላቅ ቅናሽ» ቢል የሚያስከፍላችሁ ያንኑ 1,000 ብር ነው።

አንዱ «ብር በ30 በመቶ ወደቀ» ይላል፣ ሌላው «በ23» ይላል። ማነው ትክክል?

ይህ ጥያቄ በብዛት የመጣው ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ነው። በዚያ ቀን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አንድ ዶላር የሚገዛበት ዋጋ ከ57 ብር ተኩል ገደማ ተነስቶ 74 ብር ከ70 ሳንቲም ገደማ ደረሰ። ልዩነቱ 17 ብር ከ20 ነው። ለ57.5 ሲካፈል 30 በመቶ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ስለዚህ «ዶላር 30 በመቶ ጨመረ» የሚለው ትክክል ነው።

አሁን ከብር በኩል እንየው። ቀድሞ 1 ብር 1.74 የአሜሪካ ሳንቲም ያመጣ ነበር። በዚያ ቀን 1.34 ብቻ ሆነ። የጠፋው 0.40 ለ1.74 ሲካፈል 23 በመቶ ነው። «ብር በ23 በመቶ ወረደ» የሚለውም ትክክል ነው። ስህተቱ የሁለቱ ቅልቅል ነው። «ብር በ30 በመቶ ወደቀ» ሲባል የዶላሩን መቶኛ ወስዶ ለብር ማልበስ ነው። ያን ሰሞን ብዙ ዜና እንዲህ ብሎ ጽፏል።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ከዋሽንግተን ለእናቱ በባንክ 200 ዶላር የሚልክ ልጅ 11,500 ብር ያስገባላት የነበረው በዚያ ቀን 14,940 ሆነ። በእናቲቱ እጅ 30 በመቶ ጨምሯል። እዚህ ሆኖ ለሕክምና ዶላር የሚገዛ ሰው ደግሞ በያዘው ብር የሚያገኘው ዶላር በ23 በመቶ አንሷል። ዶላር እጥፍ ቢሆን፣ ማለትም 100 በመቶ ቢጨምር፣ ብር የሚያጣው 50 በመቶ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች እየተራራቁ ይሄዳሉ።

ጭማሪ ከ100 በመቶ ሊበልጥ ይችላል? «እጥፍ» ሲባልስ ስንት በመቶ ነው?

ይችላል። ከደሞዝ ላይ ግብር የማይቆረጥበት የወር ገቢ ለዓመታት 600 ብር ነበር። በ2017 በተሻሻለው ሕግ 2,000 ብር ሆነ። ልዩነቱ 1,400 ብር ነው። ለ600 ሲካፈል 233 በመቶ ጭማሪ ነው። ግን 2,000 ራሱ የ600 333 በመቶ ነው። «ጨመረ» እና «ሆነ» የ100 በመቶ ልዩነት አላቸው፤ የነበረው መነሻ በ«ሆነ» ውስጥ ይቆጠራል፣ በ«ጨመረ» ውስጥ አይቆጠርም።

እጥፍ ሆነ ማለት 100 በመቶ ጨመረ ነው። እስከዚህ ጠብ የለም። ጠቡ «በሁለት እጥፍ ጨመረ» ላይ ነው። አብዛኛው ሰው 50 የነበረው 100 ሆነ ማለቱ ነው። ቃሉን በቁሙ የሚወስድ ግን 50 ላይ ሁለት ሃምሳ ጨምሮ 150 ይላል። ውል ላይ ወይም ሪፖርት ላይ ከሆነ እንዲህ ብላችሁ አትጻፉ። «ከ50 ወደ 100» ብላችሁ ሁለቱንም ቁጥር አስቀምጡ።

መቀነስ ግን ከ100 በመቶ አይዘልም። «ዋጋ በ200 በመቶ ቀነስን» የሚል ማስታወቂያ አይቼ አውቃለሁ። ቃላቸውን ከጠበቁ ዕቃውን በነፃ ሰጥተው የዋጋውን ያህል ብርም ሊጨምሩልን ነው።

«ወደ 20 በመቶ ጨመረ» ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ «ወደ» ሁለት ሥራ ይሠራል። «ወደ 20 ሰው መጣ» ስንል ገደማ ማለታችን ነው። «ወደ ባሕር ዳር ሄደ» ስንል መድረሻውን ነው። ስለዚህ ሥራ አጥነት ወይም ወለድ 15 በመቶ ሆኖ «ወደ 20 በመቶ ጨመረ» ሲባል አንባቢው ሁለት መንገድ ላይ ይቆማል። 20 ደረሰ? ወይስ 20 በመቶ ገደማ ጨምሮ 18 ሆነ?

መድረሻውን ከሆነ የፈለጋችሁት «ከ15 ወደ 20 በመቶ ደረሰ» በሉ። መጠኑን ከሆነ «በ20 በመቶ ገደማ ጨመረ» በሉ። «በ» እና «ወደ»ን ያለቦታቸው ያስገባ ዜና ካነበባችሁ ሁለቱን ቁጥሮች ፈልጉና ራሳችሁ አካፍሉ።

ወለድ ከ5 በመቶ ወደ 7 በመቶ ሲወጣ ጭማሪው 2 ነው ወይስ 40?

ሁለቱም፤ ግን በተለያየ ስም። በጥቅምት 2010 ብሔራዊ ባንክ ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉትን ዝቅተኛ ወለድ ከ5 በመቶ ወደ 7 በመቶ አሳድጎ ነበር። 7 ሲቀነስ 5፣ 2 ነው። ይህ 2 «መቶኛ ነጥብ» ይባላል። 2 ለ5 ሲካፈል ደግሞ 40 በመቶ ነው። 100,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመት የሚያገኘው ከ5,000 ወደ 7,000 ብር ከፍ ይላል። በኪሱ የሚገባው ወለድ በእርግጥም 40 በመቶ ጨምሯል።

«2 በመቶ ጨመረ» ማለት ግን ስህተት ነው። የ5 ሁለት በመቶ 0.1 ስለሆነ ወለዱ 5.1 ሆነ ማለት ይሆናል። በብድር በኩል ተጠንቀቁ። የብድራችሁ ወለድ ከ15 ወደ 18 ሲወጣ «3 ብቻ ነው የጨመርነው» ይሏችኋል። የምትከፍሉት ወለድ የጨመረው ግን በ20 በመቶ ነው።

ደሞዜ 10 በመቶ ተጨምሮልኝ ኪራዬ 25 በመቶ ቢጨምር፣ ስንት ከሰርኩ? 15 በመቶ?

መቶኛን ከመቶኛ አትቀንሱ። መነሻቸው የተለያየ ነው። ደሞዛችሁ 15,000 ከነበረ 10 በመቶው 1,500 ብር ነው። ኪራዩ 8,000 ከነበረ 25 በመቶው 2,000 ብር ነው። የጎደለባችሁ በወር 500 ብር ነው። ኪራዩ 4,000 ቢሆን ኖሮ ደግሞ ጭማሪው 1,000 ብቻ ስለሚሆን 500 ይተርፋችሁ ነበር። መቶኛዎቹ አልተለወጡም። መጀመሪያ ወደ ብር ቀይሩ፣ ከዚያ ቀንሱ።

ቫት ያለበትን ዋጋ ይዤ ያለ ቫት ዋጋውን ለማግኘት 15 በመቶ ልቀንስ?

አይሆንም። ቫቱ የተሰላው ቫት ካልገባበት ዋጋ ላይ ነው፣ እጃችሁ ያለው ግን ቫት የገባበት ነው። ደረሰኙ 1,150 ብር ካለ 15 በመቶ ስትቀንሱ 977 ብር ከ50 ይመጣል። ትክክለኛው 1,000 ነው። 1,150ን ለ1.15 አካፍሉ፣ ጨርሳችኋል። ከጠቅላላው ክፍያ ውስጥ የቫቱ ድርሻ 15 ሳይሆን 13 በመቶ ገደማ ነው።

ማንኛውንም ጭማሪ ወደኋላ ስትመልሱ ዘዴው ይህ ነው። «20 በመቶ ተጨምሮልኝ 18,000 ሆነልኝ» ያለ ሰው የቀድሞ ደሞዙ 18,000 ለ1.2 ሲካፈል፣ 15,000 ነው። 20 በመቶ ቀንሶ 14,400 ያለ ሰው 600 ብር አሳንሶታል።

ሁለት ተከታታይ ጭማሪ ወይም ቅናሽ መደመር ይቻላል?

እኔ ራሴ የተሸወድኩበት ነው። አንድ ልብስ ቤት መስኮቱ ላይ «50 በመቶ ቅናሽ» ለጥፏል። ሥር በትንሹ «ካሸር ላይ ተጨማሪ 20 በመቶ» ይላል። 4,000 ብር የተለጠፈበት ጃኬት አነሳሁ። 70 በመቶ ሊቀንስልኝ ነው፣ 1,200 ብር እከፍላለሁ ብዬ ብሩን በእጄ ቆጥሬ ተሰለፍኩ። ልጅቷ 1,600 አለችኝ። ተከራከርኩ። እሷም ካልኩሌተሩን ወደኔ አዙራ መታችው፦ 4,000 በ0.5፣ 2,000። 2,000 በ0.8፣ 1,600። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሳቀ። ሃያው የተቀነሰው ከ2,000 ላይ ነው እንጂ ከ4,000 ላይ አይደለም። በድምሩ የቀነሰልኝ 60 በመቶ ነው።

በጭማሪም እንደዚያው። አምና 10 በመቶ፣ ዘንድሮ 10 በመቶ የተጨመረ ኪራይ በ20 ሳይሆን በ21 በመቶ አድጓል፤ 1.1 በ1.1 ሲባዛ 1.21 ነው። መቶኛዎች የሚባዙት እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱን ወደ ማባዣ ቀይሩ፣ አባዙ፣ መጨረሻ ላይ 1 ቀንሱ።

የእያንዳንዱን ዕቃ ጭማሪ ደምሬ ለዕቃዎቹ ብዛት ባካፍል የወር አስቤዛዬ ስንት እንደጨመረ አገኛለሁ?

አታገኙም። ጨውና ጤፍ እኩል ድምፅ የላቸውም። የወሩ ጤፍ ከ6,000 ወደ 6,600 ብር ገባ፣ ጨው ደግሞ ከ40 ወደ 60 ብር። ጤፍ 10 በመቶ፣ ጨው 50 በመቶ። የሁለቱ አማካይ 30 በመቶ ነው። ግን ለሁለቱ ያወጣችሁት ከ6,040 ወደ 6,660 ነው የሄደው። ይህ 10.3 በመቶ ነው። ጨው በመቶኛ ቢጮህም ኪስ ላይ ያደረሰው 20 ብር ነው። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የዋጋ መረጃ ሲያወጣ ለእያንዳንዱ ዕቃ የወጪ ክብደት የሚሰጠው ለዚህ ነው።

የዋጋ ንረት ቀነሰ ይባላል፣ ገበያው ግን አልቀነሰም። ማን ነው የሚዋሸው?

ማንም ላይዋሽ ይችላል። የዋጋ ንረት የዋጋው መጠን ሳይሆን የጭማሪው ፍጥነት ነው። ሚኒባሱ ፍጥነት ቀነሰ ሲባል ወደኋላ ተመለሰ ማለት አይደለም።

100 ብር የነበረ ዘይት በአንድ ዓመት 30 በመቶ ቢጨምር 130 ይሆናል። በቀጣዩ ዓመት ንረቱ ወደ 20 በመቶ ቢወርድ ዘይቱ 156 ይገባል። ንረቱ በ10 መቶኛ ነጥብ ወርዷል፣ ዘይቱ 26 ብር ጨምሯል። ዋጋው ራሱ እንዲወርድ ንረቱ ከዜሮ በታች መሆን አለበት። ያ ደግሞ እኛ አገር የዘወትር ነገር አይደለም።

የብዙ ዓመት ጭማሪን ለዓመታቱ ቁጥር ባካፍል የዓመቱን ጭማሪ አገኛለሁ?

ትጠጋላችሁ እንጂ አታገኙም፤ ዓመቱ ሲረዝም ደግሞ ትርቃላችሁ። በጥቅምት 1987 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ኢትዮጵያ 53.5 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነበራት። በግንቦት 1999 ቆጠራ 73.9 ሚሊዮን ገደማ ሆነ። ጠቅላላ ጭማሪው 38.1 በመቶ ነው። በመካከሉ 12 ዓመት ከ7 ወር፣ ማለትም 12.6 ዓመት አለ። 38.1ን ለ12.6 ስታካፍሉ 3 በመቶ ይመጣል። በቆጠራው ውጤት የተገለጸው ዓመታዊ ዕድገት ግን 2.6 በመቶ ነው።

ልዩነቱ የመጣው ልጆች ልጅ ስለሚወልዱ ነው። የየዓመቱ ጭማሪ ባለፈው ዓመት ከጨመሩት ሰዎችም ላይ ነው የሚሰላው። 53.5 ሚሊዮንን በየዓመቱ በ3 በመቶ ብታሳድጉ በ1999 77.6 ሚሊዮን ላይ ትደርሳላችሁ። ከተቆጠረው በ3.7 ሚሊዮን የሚበልጥ፣ ያልተወለደ ሕዝብ። ትክክለኛውን ለማግኘት 73.9ን ለ53.5 አካፍሉ፤ 1.381 ይመጣል። ከዚያ ስልካችሁን ወደ ጎን አጋድሙት፣ ሳይንሳዊው ካልኩሌተር በብዙ ስልኮች ላይ እንዲያ ነው የሚወጣው። 1.381ን ወደ (1 ÷ 12.6) ፓወር ከፍ አድርጉት፤ xʸ ወይም ^ የሚለው ቁልፍ ነው። 1.026 ይላችኋል።

ካልኩሌተር ከሌለ ደግሞ አንዲት ዘዴ አለች። 70ን ለዓመታዊው መቶኛ ብታካፍሉ እጥፍ ለመሆን የሚፈጀውን ዓመት በግምት ታገኛላችሁ። በ2.6 በመቶ የሚያድግ ሕዝብ በ27 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል።

መነሻው ዜሮ ከሆነስ? ከዜሮ በታች ከሆነስ?

ከዜሮ የተነሳ ጭማሪ መቶኛ የለውም። አምና አንድም ያልሸጠ ሱቅ ዘንድሮ 40 ቢሸጥ «በ40 በመቶ» ወይም «በ4,000 በመቶ» አድገናል ማለት አይችልም። ለዜሮ ማካፈል አይቻልም። «ከዜሮ ወደ 40» ብሎ መጻፍ በቂ ነው። ከ1 ወደ 40 የደረሰውም 3,900 በመቶ ማለት ይችላል፣ ግን ምን ይጠቅማል?

አምና 50,000 ብር ከስሮ ዘንድሮ 20,000 ያተረፈ ነጋዴ ቀመሩን ዝም ብሎ ቢጠቀም 140 በመቶ ቀነሰ የሚል ነገር ያገኛል። ተሻሽሎ ሳለ! ስለዚህ ኪሳራ መነሻ ሲሆን መቶኛውን ተዉት። ከኪሳራ ወደ ትርፍ በ70,000 ብር ተንቀሳቀሰ በሉ።

ሽያጬን ካለፈው ወር ጋር ላወዳድር ወይስ ካምናው ተመሳሳይ ወር ጋር?

ቀመሩ ትክክል ሆኖ መነሻው ከተሳሳተ ውጤቱ ገደል ነው፣ እኛ አገር ደግሞ ወሩ ራሱ ያሳስታል። ነሐሴን ከጳጉሜን ያወዳደረ ሱቅ ሽያጩ ከ80 በመቶ በላይ ወድቆ ያገኘዋል። ጳጉሜን 5 ቀን ብቻ ነው፣ በ4 ዓመት አንዴ 6። ወይ በቀን አካፍላችሁ አወዳድሩ፣ ወይ ጳጉሜንን ከነሐሴ ጋር ደባልቁ። ለወሮቹ ብዛት ስታካፍሉም 12 ነው 13 የሚለውን ቀድማችሁ ወስኑ።

ካምናው ተመሳሳይ ወር ጋር ማወዳደር ይሻላል። ግን ለሥጋ ቤት እሱም አይበቃም። በ2016 ፋሲካ ሚያዝያ 27 ነበር። ከ30 ቀን 26ቱ በጾም አለፉ፣ ቢላዋው የሠራው ከወሩ መጨረሻ ጥቂት ቀን ነው። በ2017 ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ። በ2018 ደግሞ ሚያዝያ 4። የዚያ ሚያዝያ ጾም 3 ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። አንድም አዲስ ደንበኛ ሳይጨምር ሥጋ ቤቱ የሚያዝያ ሽያጩን ከ2016ቱ ጋር ቢያስተያየው ብዙ መቶ በመቶ ያደገ ይመስለዋል። ለሱ የሚሆነው መነሻ ወር አይደለም። ከፋሲካ ዋዜማ ጀምሮ 30 ቀን ቆጥሮ፣ ካምናው የፋሲካ ዋዜማ ጀምሮ ካሉት 30 ቀናት ጋር ማወዳደር ነው።